ዘጠነኛዋ አድራሻ

በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመዱ መካከል አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ የይለፍ ቃሉን በረሳ ቁጥር ሌላ ኢሜይል የሚከፍት። በእኛ አካባቢ ይህን ማዕረግ የያዙት የጅጋው የዘር ባለሙያ፣ ክቡር አቶ ያረጋል ናቸው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ የዘር ብዜት ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ካለው የአድራሻ መዝገብ የእርሳቸውን ስም ስከፍት ስምንት ኢሜይል ይዘረገፋል። አንዱ በስማቸው፣ አንዱ በአባታቸው ስም፣ አንዱ ከነትውልድ ዘመናቸው ነው። አንዱ ደግሞ ከስማቸው አንድ ፊደል ይጎድለዋል፤ ሲከፍቱት ቸኩለው ነበር። አዲስ በከፈቱ ቁጥር ይደውሉና፣ "ሰብሊ እታለም፣ ይችን ያዥልኝ፤ የፊተኞችን ተያቸው" ይሉኛል። ከወር በኋላ ከተተወው አድራሻ መልስ ይልካሉ። "ይኼ ተዘግቷል ብለውኝ አልነበረም?" ስላቸው፣ "ቃሉ ትዝ አለኝ" ይላሉ፣ በሬው ጠፍቶ እንደተገኘለት ሰው።

አንዴ የስብሰባ ጥሪ ለስምንቱም ላክሁ። ሲመጡ፣ "ሦስት ጊዜ የጠራሽኝ ምን አጥፍቼ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከስምንቱ ሦስቱ በሕይወት እንዳሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ባለፈው ግንቦት ተማረርሁና መዝገቡን አጸዳሁት። ሰባቱን ሰርዤ የመጨረሻዋን ብቻ ተውሁ። በሳምንቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከባሕር ዳር የላቦራቶሪ ውጤት መጣ። ለጅጋ ገበሬዎች የላክነው የበቆሎ ዘር ከመቶው ሠላሳ እንኳ አይበቅልም። ቅዳሜ ሊከፋፈል ቀን ተቆርጦለታል። ያን የዘራ ገበሬ ክረምቱን ባዶ ማሳ ሲያይ ሊከርም ነው።

ውጤቱን በቀረችው አድራሻ ላክሁ፤ መልስ የለም። ደወልሁ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ጅጋ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል። የሰረዝኋቸውን አድራሻዎች ላስታውስ ሞከርሁ፤ አንዷም አልመጣችልኝም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ።

አቶ ያረጋልን መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ከፊታቸው እርጥብ ጆንያ ተዘርግቷል።

"ዘሩን እንዳያከፋፍሉት" አልኋቸው፣ ትንፋሼ ሳይመለስ።

"መች አከፋፍላለሁ? ጽፌልሽ የለ?"

ጆንያውን ገለጥ አደረጉት። ከመቶ ፍሬ ያቆጠቆጠው ሃያ ስምንት ነው። የዘሩ ሽታ ስላላማራቸው ገና እንደደረሰ ራሳቸው ሞክረውት ኖሯል፤ ይኼ ሁለተኛው ሙከራቸው ነው። ገበሬዎቹንም ዘሩ እስኪቀየር ጠብቁ ብለው መልሰዋቸዋል።

"በየት ነው የጻፉልኝ?"

"በአዲሷ ነዋ። ሰኞ ከፈትኋት፤ ሳልደውልልሽ መብራቱ ጠፋ።"

ስልኬን አወጣሁ። መልእክቱ አለ። የማላውቀው ላኪ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከአጭበርባሪዎች ደብዳቤ ጋር ጥሎታል፤ አራት ቀን ሙሉ ዞር ብዬም አላየሁት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አድራሻዎችዎን ሰርዣቸው ነበር። ሰባቱን።"

"ቢሰረዙ ምን አለ፤ እኔም አላስታውሳቸው" አሉ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዘጠነኛዋን በስማቸው ሥር መዘገብሁና መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ስለ ዘሩ ተጽፎ፣ ከነማዕረጋቸው ተፈርሞበት፣ ከፊርማው በታች እንዲህ ይላል፦ "ባለፈው ስንነጋገር ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። ትንሽ ማር ልኬልሻለሁ፤ መናኸሪያው ትኬት ቤት ጠይቂ።"

ፍኖተ ሰላም እንደወረድሁ ትኬት ቤቱ ሄድሁ። ትኬት ቆራጯ ከጠረጴዛዋ ሥር በፌስታል የተቋጠረ ብልቃጥ አወጣች። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነበር።

"የአቶ ያረጋል ሰው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"ነኝ" አልኋት።