መጨረሻ የማያሳድሩት አቶ ጆቴ

እግዚአብሔር ለየከተማው አንድ ወጌሻ፣ አንድ ነገረኛና አንድ መጨረሻ ነጋሪ ሳያድል አልቀረም። መጨረሻ ነጋሪ ማለት ልብ ወለድ ይዘው ገና ሦስተኛውን ገጽ ሲገልጡ፣ «እሱን ነው የያዙት? ኋላ ይታረቃሉ» ብሎዎት የሚያልፍ ሰው ነው። በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ግን የነቀምቴውን ልብስ ሰፊ ክቡር አቶ ጆቴን ያህል የለም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ መጽሐፍ ሆዳቸው ውስጥ አያድርም። አምና ኮት ላሰፋ ገብቼ ሜትሩን አንገቴ ላይ እንደ ጠመጠሙ፣ «ማሎ አቶ ጆቴ፣ ገና ግማሹ ላይ ነኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ግማሹን ካለፍክማ ምን ቀረህ? ያባቱን ገዳይ ልጅ ያገባል። እጅጌው ይርዘም?» አሉኝ።

የባሰው በጎረቤቴ በኩማ ሚስት ለቅሶ ላይ የሆነው ነው። አጠገቤ አንገታቸውን ደፍተው ከቆዩ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ባልየው ነው የመረዛት» አሉኝ። የጀመርኩትን መጽሐፍ ማለታቸው ነበር። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶች ይህን በምን ይወቁ? ምስኪኑ ኩማ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በሟች ዘመዶች ሲገላመጥ ሰነበተ።

ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን፣ በከተማችን ሰው መጽሐፍ ላይ የሚሽቀዳደመው እሳቸውን ፈርቶ ነው። ሥጋ ሻጩ ደረሳ ጾም ሲገባ ሥራ ፈቶ ደጃፉ ላይ ያነባል። ተማሪዎች አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ተደራርበው ያነባሉ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ሽብሩ ሳይቀሩ በመዝገብ ሥር ደብቀው ይገልጣሉ። ሁሉም፣ «ጆቴ ሳይደርስብኝ ልጨርስ» ይላል።

ከጎጃም የመጡት እማማ ምንትዋብ ግን መሽቀዳደም አይችሉም። ፊደል የቆጠሩት በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እየጎተቱ በቀን አንድ ገጽ ያነባሉ፤ ደስ ያላቸው ገጽ ላይ ሲደርሱ ብቻቸውን ሲስቁ ከመንገድ ይሰማል። በሦስተኛው ወር የታሪኩን ልጃገረድ ወንዝ ወሰዳት። አንድ ቅዳሜ፣ እኔ ሱሪዬን ልቀበል በቆምኩበት፣ እማማ ከች አሉ።

«አንተ ጆቴ፣ ይህች ልጅ ትተርፋለች ወይስ ትሞታለች? ቁርጡን ንገረኝና መጽሐፉን ልመልሰው። ልቤ አልቻለም። ከእንግዲህ ወዲያ ሌላም አልነካ።»

አለቀልን አልኩ። ሞተች ቢሏቸውም ተረፈች ቢሏቸውም የእማማ ንባብ እዚያው ሊቀር ነው። አቶ ጆቴ አፋቸውን ከፈቱ። መቀሱን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት።

«አኮ» አሉ በመጨረሻ፣ በኦሮምኛው አያቴ ማለታቸው ነው፤ «እሱን እንኳ አላነበብኩትም።»

«አንተ? ያላነበብከው መጽሐፍ አለ?»

«አለ። እኔም ጨንቆኛል። እባክዎ ይጨርሱትና ይንገሩኝ።»

አቶ ጆቴ ያን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብበውታል። መጨረሻውን ለእኔ የነገሩኝ የመጽሐፉን ሽፋን እንኳ ሳላየው ነው። ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰ፤ አቶ ሽብሩ፣ «ጆቴም ያላነበበው ነገር አለ ለካ» እያሉ ሲስቁባቸው እሳቸው ጭጭ ብለው ይሰፋሉ። ያን ያህል ዝም ማለት የሚችሉ ሰው መሆናቸውን እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኔም ሱቃቸው ውስጥ ሳለሁ፣ እማማ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «መኪናህን አቁምና ስማኝ» አሉ። ከወንዙ ዳር ጀመሩ። አቶ ጆቴ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ «እውነት? ከዚያስ?» እያሉ አዳመጡ። ልጅቷ ከነሕይወቷ መገኘቷን ሲሰሙ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። የነገሩኝን መጨረሻ ሁሉ እዚያው ይቅር አልኳቸው።

እማማ ግን ደንገጥ አሉ። «ውይ፣ ሳታነበው ነገርኩህ እኮ። አበላሸሁብህ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

«ምንም አይደል አኮ» አሉ አቶ ጆቴ፣ ከመሳቢያቸው አንድ አዲስ መጽሐፍ እያወጡ፤ «ይህንንም ይንገሩኝ።»