ጨውና ስኳር ተያይዘው የገቡባት በር

ትናንት በእኩለ ቀን ሕልም አየሁ። ኮሌራ የያዛትን አክስቴን ትርንጎን ላስታምም፣ ጤና ጣቢያው ድንኳን ውስጥ በርጩማ ላይ እንደተቀመጥሁ ነበር እንቅልፍ የጣለኝ።

በሕልሜ አንጀቷ ውስጥ ነበርሁ። የገባሁባት ሴል አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለቤቶቹ ውጭ ተሰልፈው ለመግባት ፈቃድ ይለምናሉ፤ ከባክቴሪያው የመጣው መርዝ ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይከለክላል። የቤቱ ዘበኛ ድሮ አንዴ ተጣርቶ ዝም የሚል ሰው ነበር። አሁን መርዙ አገጩን ይዞ አፉን እንዳይገጥም አድርጎታል።

«ውሃ ልቀቁ! ውሃ ልቀቁ!» ይላል ሳያቋርጥ።

ውስጥ ያለው ማተሚያ ቤትም ይህንኑ ትእዛዝ ብቻ ያትማል። «ዝጉ» የሚል ብፈልግ አጣሁ።

«ጌታው፣ ምናለ አንድ እንኳ ቢያትሙ?» አልሁት አታሚውን።

«ልጄ፣ እኔ ዘበኛው ያለውን ነው የማትመው። መቼ ከራሴ አውርቼ አውቃለሁ?»

ውሃው ወደ ውጭ ይጎርፋል። ቤቱ ይኮማተራል፤ ከላይ የአክስቴ ድምፅ እየቀጠነ ይሰማኛል። ልትሞትብኝ ነው ብዬ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። እዚያ መርዙ ያላወቃት ትንሽ በር ነበረች። በረኛዋ ጨውን ታባርረዋለች።

«ብቻህን አላስገባህም። ሚዜህስ?»

ሚዜው ስኳር ነበር፤ አጥር ሥር አኩርፎ ተቀምጧል።

«ከእሱ ጋር?» አለኝ ስኳር። «በቡና የተጣላነውን ረሳኸው? ግማሹ አገር እኔን ትቶ ቡናውን በጨው ይጠጣል!»

«ስለ ፈጠረህ! አክስቴ እየደረቀች ነው!»

«እንግዲያው ለሷ ስል ነው፤ ለሱ እንዳይመስለው።»

ተያይዘው ገቡ። ውሃውም ተከትሏቸው እንደ ሠርገኛ እየተጋፋ ገባ። መርዙ «ማነው በጓሮ ያስገባው?» ብሎ ጮኸና ክንዴን በመርፌ ወጋኝ።

ነቃሁ። የተኛሁት አክስቴ አልጋ ላይ ነው። አዲስ የገባች ተረኛ ነርስ ክንዴን አስራ የደም ሥር ትፈልጋለች። አክስቴ የእኔ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የበጠበጥሁላትን የጨውና የስኳር ውሃ ፉት ትላለች።

«ሲስተር፣ እኔ አስታማሚ ነኝ!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እጅህን አታንቀሳቅስ።»

«ውጊው የኔ ልጅ» አለች አክስቴ። «ሊወድቅ ሲል አዝኜ ቦታ ብለቅለት፣ በማንኮራፋቱ ጤነኛውን ሁሉ አሳመመ።»

በገዛ ቀልዷ ሳቀች፤ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«የደረቀ ሰው እንባ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «እማማ፣ ታማሚዋ እርስዎ ነበሩ? እንኳን ለዚህ አበቃዎት፤ ተርፈዋል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ፣ ውረድ ከአልጋው!»