ደረጀ ስላይድ ሲመርጥ

ተኩሶበት የማያውቀውን ሽጉጥ የሚያስጌጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ጓደኛዬ ደረጀ ኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ ያደርጋል። የሽጉጡን ስላይድ፣ ያን ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት፣ በሌላ ልቀይር ብሎ ዊንተሩን ሙሉ ሲያማርጥ ከረመ። ጥቁሩን ያረጀ ይመስላል አለ፤ ወርቃማውን የሠርግ ነው አለ፤ ቀዳዳ የበዛበትን ደግሞ ብርድ ያስገባል ብሎ ተወው። ነገሩ ቢገርመኝ አብሬው ሽጉጥ መሸጫ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ፣ "የድሮው ምን አስቸገረህ?" አለው።

"እኔ እንጃ፤ ተኩሼበት አላውቅም።"

ሻጩ ሳይስቅ የጆሮ መሸፈኛ ሰጠንና ከሱቁ ጎን ወዳለው የተኩስ መለማመጃ ክፍል አስገባን። ደረጀ አንዴ ተኮሰ። ከዚያ ሽጉጡን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ደረቱን ያዘ።

"ምነው? ስላይዱ ነው?" አልኩት።

"ለጆሮስ መሸፈኛ አላቸው" አለኝ፤ "ለልብ የሚሆን ይኖራቸው ይሆን?"