ክቡር ጃፋርና ጫፍ መቁረጫው

በየሥራ ቦታው አንድ «ጨምርበት» ባይ አይጠፋም። ብሎኑ ከላላ «ጨምርበት»፤ ከተሰበረ «አልጨመርክበትም»። የኛው ክቡር ጃፋር ናቸው። ሪያድ ላይ የሞባይል አንቴና ስንተክል በማዕረግ እኩያዬ፣ በጩኸት አለቃዬ ናቸው። ሻይ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር ይከምራሉ። በአሮጌው ሰፈር በዲራ ጠባብ መንገድ ፒካፑን በሦስተኛ ማርሽ ይነዳሉ። ስልክ ሲያወሩማ ስልኩ ራሱ የሚያስፈልጋቸው አይመስልም።

ይሄን ሁሉ ችያለሁ። የአንቴናውን ሲግናል የሚያጎላውን ማጉያዬን ሲነኩ ግን ደሜ ፈላ።

ራውዳ ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ጣሪያ ላይ የተከልነው ማጉያ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ራሱን ዘጋ። ሦስቱም ሪፖርት ላይ ያለው የኔ ስም ነው። አለቃችን «አራተኛ ከሆነ ለዋስህ ለካፊሉ ነግሬ ወደ አገርህ!» ብሎኛል። ዓርብ ከሰዓት ጃፋርን ይዤ ወጣሁ፤ ላፕቶፑን ስሰካ ጫፍ መቁረጫ የሚባለው የማጉያው ፕሮግራም ጠፍቶ አገኘሁት።

ነገሩ ቀላል ነው። ማጉያው በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሞገዶችን ባንዴ ይልካል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስለሚወርድ አብዛኛውን ጊዜ ይቻቻላሉ። አልፎ አልፎ ግን ሁሉም ባንድ ቅጽበት ሽቅብ ይነሳሉ፤ ያኔ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፣ ድምፅ ይበላሻል፣ ሲብስም ይዘጋል። መቁረጫው ያንን ጫፍ ቀድሞ ዝቅ ያደርጋል። በቃ።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«ሰው የገዛ ሲግናሉን ይቆርጣል እንዴ ወንድሜ?» አሉ ክቡርነታቸው። «አጥፍቼ ጨመርኩበት!»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሲዘጋ መቁረጫው መልሶ እየበራ ምን ላድርግ! ያላ፣ በቃ አትጩህብኝ።»

እሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት!

«ልታስባርረኝ ነው እኮ! ምን አደረግኩህ?»

  ከታች ካለው ግቢ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል በጣታቸው አሳዩኝ።

«እህቴ ራቢያ እዚያ ናት የምትሠራው። አሠሪዎቿ ከግቢ አያስወጧትም። ዓርብ ዓርብ፣ የአስር ሰላት ሲያልቅ ትደውላለች። እኔ እሰማታለሁ፣ እሷ አትሰማኝም፤ ከኛ የሚሄደው ሲግናል እዚያ ሲደርስ ይደክማል። 'ጃፋር? ጃፋር?' ብላ አልቅሳ ትዘጋዋለች።»

ይባስ ተናደድኩ። ይሄን ለመናገር አፋቸውን ምን ያዘው? መቁረጫውን መልሼ አበራሁት። ጫፉ ሲወርድ ከላይ ቦታ ተረፈ፤ በተረፈው ቦታ መደበኛውን ኃይል ከተፈቀደው ሳላልፍ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩ። ማጉያው ትንፍሽ ሳይል ሠራ። ቁጭ ብለን ጠበቅን።

የክቡርነታቸው ስልክ ጠራ።

«ራቢያ! ይሰማሻል? ራቢያ!»

«ኧረ ሰማሁ! ምን ያስጮህሃል? ማዳም ትሰማለች፣ ቀንስ!»

ክቡርነታቸው ቀነሱ። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ወደኔ ዞሩ።

«ጨምርበት ስልህ!»

ብለው ወደ ስልኩ ተመለሱ። ስለ እህታቸው ጤና እያንሾካሾኩ መጠየቅ ያዙ። የብሎን መፍቻዬን አንስቼ ወደ ጣሪያው ማዶ ሄድኩና ቀድሞውንም የጠበቀ ብሎን ላይ ጨመርኩበት።