አማላጅ የማይሻው ዳዊት ሽማግሌ ላከ

ግባ ግባ፣ ከወሬው ምንም አላመለጠህም፤ ገና ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነን። ፍሪጁ ጀርባዬ ላይ ነው። እዚህ እስራኤል፣ እኛ ሰፈር ክርያት ሞሼ ውስጥ ሊፍት ያለው ሕንፃ አሳየኝና እኔም የተውኩትን ትምህርት እጨርሳለሁ። ከላይ ገመዱን የያዘው ተክሌ እግሩ አዳለጠውና «እመቤቴ ማርያም!» ብሎ ጮኸ። ከጎኔ ያለው ዳዊት ደግሞ እዚያው ፍሪጁን እንደደገፈ ስብከት ጀመረ። ጌታ ራሱ እየሰማህ ማርያምን ምን ብለህ ትጠራለህ? ተክሌ ዝም አይልም፤ ቆሞ ይመልስለታል። ቆሞ! ፍሪጁ ማን ጀርባ ላይ እንዳለ ያስታወሰ የለም።

የቤት ዕቃ በማጓጓዝ አብረን ነው የምንሠራው። ሁለቱም አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ተክሌ ኦርቶዶክስ፣ ዳዊት ጴንጤ። እኔ አይሁዳዊ ስለሆንኩ ዳኛ አድርገውኛል። ተክሌ ልጅ የእናቱን ቃል መች ይጥላል ይላል። ዳዊት ደግሞ አባቴ ቤት ለመግባት ጎረቤት አልለምንም ይላል።

እኔ ምን ልበል? እዚህ አገር ያለ ፕሮቴክሲያ፣ ውስጥ የሚያውቅህ ሰው ከሌለ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ እንኳ አታገኝም። እናቴም ብትሆን በየዓመቱ አውቶቡስ ተሳፍራ የአንድ ጻድቅ መቃብር ላይ ሻማ ታበራለች። ለመንጃ ፈቃድ ፈተናዬም እዚያ ሄዳ ለምናልኛለች። አራት ጊዜ ወደቅኩ። የምትወቅሰው ግን ጻድቁን አይደለም፣ እኔን ነው። ታዲያ ለመፍረድ ምን አፍ አለኝ? ያላ፣ በሉ አንሱ አልኳቸው።

ወር ሳይሞላ ዳዊት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ራሄል የምትባል ልጅ አለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ጋሽ ሀብቴ ግን ጾም የማያጓድሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። ለሌላ ሰው ሊድሯት ተነጋግረዋል አሉ። አሁን ካልጠየቀ አለቀ፣ ሄደች። ታዲያ ምን ፈለገ? ሽማግሌ መላክ! ዘመድ የለው፣ ማንን ይልካል? እኔንና ተክሌን። እኔ ሽማግሌ! ጢሜ እንኳ ገና አልሞላም።

ተክሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ለምን ቀጥታ አባትየው ዘንድ አትገባም አለው። ዳዊት ተቆጣ፤ ያ ሃይማኖት ነው፣ ይሄ ባህል ነው፣ አታገናኝ አለ። ቤሰደር፣ እሺ፣ አላገናኘንም።

የሰንበት ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ጋሽ ሀብቴ ቤት ሄድን። ዳዊት ታች፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ተክሌ ከሰላምታ ጀምሮ የልጁን ጠባይ፣ ጉልበቱን፣ ትጋቱን ዘረዘረ። እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ የሽማግሌነት ሥራዬ እሱ ነበር። ጋሽ ሀብቴ እስከ መጨረሻው ሰሙና ልጁ ራሱ የት አለ ብለው ጠየቁ። ታች ነው አልናቸው። እሳቸውም፣ አማላጅ አያስፈልግም እያለ ሰፈሩን ሲያስተምር የከረመው እሱ አይደለም እንዴ? አምላኩን ብቻውን የሚያናግር ሰው እኔን ይፈራል? ይውጣና ራሱ ይንገረኝ አሉ።

ወጣ። ፍሪጅ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ሰው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ እንደምን ዋሉ አለ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እወዳታለሁ» ብቻ ወጣው። ጋሽ ሀብቴ እናስብበታለን አሉ። እናስብበታለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን ወረደ።

እኔና ተክሌ ጫማችንን ስናደርግ የራሄል እናት፣ እትዬ ለተብርሃን፣ ሊሸኙን ወጡ። እስከዚያ ድረስ ጓዳ ሆነው ሲሰሙ ነበር። በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉን፦

«አይዟችሁ ልጆቼ፣ እኔ አባቷን እለምነዋለሁ፤ እኔን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ለዳዊት ግን እንዳትነግሩት፤ ሃይማኖቱ ይበላሽበታል።»