ከለቅሶ የማይቀር ፈረስ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው፣ ያደርሳል። የት እንደሚያደርስ ግን ተረቱ አይናገርም፤ እኔም ስገዛ አልጠየቅሁም። በቅሎ የሚገዛ ጥርስ ያያል፣ ፈረስ የሚገዛ ደረት ያያል፤ አመል የሚያይ ገዢ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አመል እንደ ትዳር ነው፣ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከሸዋ ተዛውሬ ነቀምቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። እናንተ በሰው አገር የፍርድ ቤት ሰው ሆናችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። ሰላምታ የሚነፍጋችሁ የለም፤ ሰላም ብሎ በሩን ይዘጋል እንጂ። ኦሮምኛ አልችልም፣ ዘመድ የለኝም፣ ምሳዬንም እራቴንም ብቻዬን እበላለሁ። ቅዳሜ ገበያ እየወጣሁ የማልገዛውን ቅቤ ዋጋ የምጠይቀው ከሰው ጋር ለማውራት ነበር።

ዳኛው የክርክር መሬት እንዳይ ወደ ዲጋና ወደ አርጆ ይልኩኝ ስለነበር ቦራ የሚባል ፈረስ ገዛሁ። ግንባሩ ነጭ፣ ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጉልበቱ የሁለት ፈረስ። ኮርቻ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ እግሬ እርካብ ሳይገባ ይነሣል። መካሪ አልጠፋም። ገብሱን ቀንስለት አሉኝ፣ ቀነስሁ፤ ከሳ እንጂ አልበረደም። ልጓሙን አጥብቅ አሉኝ፣ አጠበቅሁ፤ መዳፌ ተላጠ። ኋላ የገባኝ ዘዴ፣ ሲነሣ ወደ ኋላ መጎተቱን ትቶ ባንድ ወገን ስቦ ማዞር ነው፤ እንደ አውድማ በሬ እየዞረ ይበርዳል። ስለዚህ የዲጋ ሰው መጀመሪያ ያወቀኝ መንገድ ላይ የሚሽከረከር ሸዌ ሆኜ ነው።

ማዞሩ የማይሠራበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቅሶ።

አንድ ቀን ዲጋ ልገባ ስል ከቁልቁለቱ ሥር ዋይታ ተሰማ። ቦራ ጆሮውን አቀና፣ ልጓሙን ነከሰ፣ ሽምጥ ጋለበ። አዞርሁት፣ ለመንሁት፣ ሰደብሁት። ለቀስተኛውን ዙሪያውን ጋልቦ ቃሬዛው ፊት ቀጥ አለና አንገቱን ደፋ። ባርኔጣዬ ወድቋል፣ ዓይኔ በአቧራ ያነባል። ሰዉ ያየው ግን ባርኔጣውን ጥሎ፣ እያለቀሰ፣ በግልቢያ የደረሰ ሰው ነው። ሟቹን አላውቀውም፤ ወርጄ ከሚስቱ ፊት ከመቀመጥ በቀር ምን ምርጫ ነበረኝ?

ጎረቤቴን ኦቦ ጉተማን ብጠይቃቸው እስኪያነቡ ሳቁ።

«ያ ዋቃ! ቦራን ማን የማያውቅ? እዚህ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረስ ተሸልሞ ይጋለባል። የቦራ የድሮ ጌታ ለዚህ የታወቀ ነበረ። ሻጩ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲህ ቻለው። ልሂድ ካለህ ሂድ። አገሩን ካንተ ይልቅ እሱ ያውቃል።»

ቻልሁት። ዋይታ ሲሰማ ይሄዳል፣ እኔም ላዩ ላይ ነኝ። ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች ቀበርሁ። «ከለቅሶ የማይቀረው ጸሐፊ» እያሉ ሲያመሰግኑኝ አፍራለሁ፤ ምስጋናው የቦራ ነውና። ቤቴ ስገባ ያው ብቻዬን ነኝ። በዚያ አገር የሞተ እንጂ በሕይወት ያለ ወዳጅ አላፈራሁም።

ከዚያ እናቴ ሞተች።

መርዶውን ያመጣው በጭነት መኪና የመጣ ዘመዴ ነው። እንደ ወጉ መርዶ ነጋሪ አስቀድሞ ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። እሱ ግን በዚህ አገር ሰው የለውም ብሎ በሬ ላይ ቆሞ ነገረኝ። አንዴ ጮኽሁ። ወዲያው ለማን ነው የምጮኸው አልሁና በሩን ዘግቼ ተቀመጥሁ።

ቦራ ግን ሰምቷል። ገመዱን በጥሶ፣ ያለ ኮርቻ፣ ያለ ጋላቢ፣ ግቢውን እየዞረ ይጋልብ ጀመር። ኦቦ ጉተማ ከአጥሩ ማዶ ይህን አዩ። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም፤ በሩን ከፍተው ገቡና «ማን ሞተብህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ግቢው ሞላ። በማግስቱ ከዲጋ ሳይቀር መጡ፣ የቀበርኋቸው ሰዎች ሚስቶችና ልጆች። ያቺ የዲጋዋ ባልቴት፣ ቦራ መጀመሪያ ለቅሶ ያደረሰኝ ሰውዬ ሚስት፣ አጠገቤ ተቀምጣ «ስሟ ማነው? ምን ትወድ ነበረ?» አለችኝ። ነቀምቴ ከገባሁ ስለ እናቴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዘነበች ትባላለች አልኋት፤ ጓሮዋን ትወድ ነበር፣ ከቀዬዋ ወጥታ አታውቅም። ሴትዮዋ ተነሥታ በኦሮምኛ አለቀሰችላት። እናቴ፣ አይተዋት በማያውቁ ሰዎች፣ ሰምታው በማታውቅ ቋንቋ ተለቀሰላት። ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ ስሟ በመጣ ቁጥር ግን እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ሣልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን ቤቱ እንደ ድሮው ጭር አለ። ለቅሶ ያልቃል፣ ሰውም ሥራ አለው፤ አልተቀየምሁም።

በሌላው ሳምንት ወደ ዲጋ ወረድሁ። ዋይታ የለም፣ አገር ሰላም ነው። በአንድ ደጃፍ ሳልፍ ያቺ ባልቴት እጇን እያውለበለበች ጠራችኝ።

«ኢልማ ዘነበች! ኮቱ! የዘነበች ልጅ፣ ና ግባ፣ ምሳ ብላ!»

ልጓሙን ሳብሁ። ቦራ ያልተለቀሰበት ቤት ምን ሊያደርግልን ነው ብሎ መሰለኝ፣ አልቆምም አለ። ባዞረው እንቢ፣ ብለምነው እንቢ። እያለፍናት ነው፤ እሷም እጇን ልታወርድ ነው።

እየሄደ ሳለ ከላዩ ዘልዬ ወረድሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ልጓሙን ይዤ፣ ያንን ሁሉ ጉልበት ከኋላዬ እየጎተትሁ፣ በእግሬ ወደ ቤቷ ተመለስሁ።