የሚስተር ኦስትራንደር ፖስታና ቴምብር

በየሰፈሩ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም፤ አሜሪካ ያለው የእኛ የዴይተን ከተማ ሰፈር ግን ከድርሻው በላይ ደርሶታል። ክቡር ሚስተር ዴልበርት ኦስትራንደር፣ ጡረተኛው ጣሪያ ሠሪ፣ «እንደምን አደሩ» ሲባሉ እንኳ «ከጀርባው ምን አለ?» የሚሉ ሰው ናቸው።

ጎረቤት አዲስ ስልክ በገዛ ማግስት ባዶ ፖስታና ቴምብር ይዘው ደጁ ላይ ይቆማሉ። በአገራችን አብዛኛው የአገልግሎት ውል ጅራቱ ላይ አንድ አንቀጽ አለውና፦ ደንበኛ ቢበደል ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ጉዳዩን ኩባንያው የመረጠው የግልግል ዳኛ ያየዋል። ይህን የማይቀበል በሠላሳ ቀን ውስጥ «እምቢ» ብሎ በፖስታ ይጻፍ። በቃልም በስልክም አይሆንም።

«ዳኛውን ተኩላ ከመረጠው በጉ ለማን ይናገራል?» ይላሉ።

በጎረቤታችን በማርጎ ሰርግ ላይ ለሙሽሮቹ የሰጡት ስጦታ ቴምብር ነበር። ሙሽራው ሣቀ። «ሚስተር ኦስትራንደር፣ ይሄ ከፍቺ ያድናል እንዴ?»

«ከፎቶ አንሺው ያድንሃል። ውሉን አንብበኸዋል?»

እኔ ደግሞ፣ ዕድሜዬን ሰዋስው ሳስተምር የኖርሁት፣ እርሳቸውን እጠረጥር ነበር። ቴምብር በነጻ የሚያድል ሰው የሚሸጠው ነገር አያጣም።

ባለፈው ጥቅምት የቤት ማሞቂያ ባስተከልሁ ማግስት በዝናብ በረንዳዬ ላይ ተገተሩ።

«ወይዘሮ ፔል፣ ፈረሙ?»

«ፈረምሁ።»

«አነበቡት?»

«የዚህን ሰፈር ልጆች ማንበብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ!»

«ስላስተማሩት ማን ጠየቀዎት? አነበቡት ወይ?»

የ«እምቢ» ደብዳቤ ረቂቃቸውን ዘረጉልኝ። ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ አልነበረውም። በቀይ አርሜ፣ ገልብጬ፣ ፈርሜ ላክሁት፤ ከበረንዳዬ እንዲነሡልኝ ብቻ።

በጥር ከማሞቂያው ያፈተለከው ጭስ አብራኝ የምትኖረውን እህቴን ዊኒፍሬድን በተኛችበት ሊገድላት ነበር። ተረፈች፤ ፒያኖ የምታስተምርበት እጇ ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ኩባንያውን ስንከስ ጠበቃው «ውሉ ፍርድ ቤት አያስገባቸውም» ብሎ ተነሣ። ዳኛዋ ደብዳቤዬን አይታ፣ «እምቢ ብለዋልኮ፤ በጊዜው ደርሷችኋል» አለችው። ፍርዱ ገና ነው፤ እህቴ ግን የደረሰባትን በችሎት ቆማ በገዛ አፏ ተናገረች።

በማግስቱ ለሚስተር ኦስትራንደር በፖም የተጋገረ ኬክ ወሰድሁላቸው። እንደ ጠበቅሁት ሳህኑን ከፍ አድርገው ከሥሩ አዩ። የለጠፍሁትን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ከዚህ የቀመሰ ሁሉ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ምሳ ሊበላ ተስማምቷል። ክርክር ቢነሣ ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

«እምቢ ማለት ይቻላል?»

«በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ በፖስታ።»

«ቴምብር እንደሆነ ሞልቶኛል!» ብለው ዛቱ።

ሠላሳው ቀን አለፈ። የፖስታ ሣጥኔን በየጠዋቱ ስከፍት ለምን ልቤ ይመታ እንደ ነበር ራሴን አልጠየቅሁም። ከእርሳቸው አንዲት መስመር አልመጣችም።

እሑድ ግን አይቀሩም። የተጠበሰችውን ዶሮ በሹካ ቀና አድርገው፣ «ከጀርባው ምን አለ?» ይላሉ።

«ድንች» ትላቸዋለች ዊኒፍሬድ።

አይተው ያረጋግጣሉ።